የአሜሪካው ንቅናቄ የተጀመረው በአውቶቡስ ወንበር ላይ አይደለም

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ስለ ተነሡት የተቃውሞ ንቅናቄዎች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ለብዙ ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዓለም ታሪክ ያስተማርሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ ጋዜጣችሁ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ቦታ መስጠቱ አስደስቶኛል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ካቀረባቸው ምክንያቶች ሁለቱን ልቀበላቸው አልቻልሁም። አንደኛው፣ የጥቁሮች የመብት ንቅናቄ በ1955 ጥቁር አሜሪካዊቷ ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ በሞንትጎመሪ ከተማ አውቶቡስ ውስጥ ለነጭ ተሳፋሪ ከወንበራቸው አልነሣም ባሉበት ምሽት በድንገት ተወለደ የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ የ1960ዎቹን ተቃውሞ ሁሉ ያመጣው ጠግቦ ያደገና ቴሌቪዥን ያነቃው ወጣት ትውልድ ነው የሚለው ማብራሪያ ነው። ዓመታቱን እኔም እንደ ጽሑፉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። በእኔ እምነት ምክንያቱ የሚገኘው ከዚያ ቀድሞ፣ በራሱ በጦርነቱ ውስጥ ነው፤ መንግሥት ዜጎቹን ስለ ነጻነት እንዲሞቱ ጠርቶ፣ በሕይወት ሲመለሱ ያንኑ ነጻነት ነፈጋቸው።

ለዚህ በመጀመሪያ የማቀርበው ማስረጃ እንደዚህ እንደ እኔው ለጋዜጣ የተላከ አንድ ደብዳቤ ነው። ጄምስ ቶምሰን የተባለ የ26 ዓመት ወጣት በካንሳስ ግዛት፣ በዊቺታ ከተማ፣ በአንድ የአውሮፕላን ፋብሪካ ምግብ ቤት ይሠራ ነበር። ጃንዋሪ 31 ቀን 1942 ፒትስበርግ ኩሪየር በተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጣ ላይ በወጣው ደብዳቤው፣ አገሩ ወደ ጦር ሜዳ ልትልከው በተዘጋጀችበት ሰዓት፣ ግማሽ አሜሪካዊ ሆኖ ለመኖር ሕይወቱን መሠዋት ይገባው እንደ ሆነ ጠየቀ። አልዘምትም ማለቱ አልነበረም፤ የጠየቀው ድሉ ሁለት እንዲሆን ነው፤ አንዱ በውጭ ባለው ጠላት ላይ፣ ሌላው በአገር ቤት ሰውን በቆዳው ቀለም ከሚለየው ሥርዐት ላይ። ጋዜጣው በሚቀጥለው ሳምንት እትሙ ይህንን ሐሳብ አንሥቶ "ድርብ ድል" የሚል ዘመቻ ጀመረ፤ ዘመቻውም በመላ አገሪቱ ተስፋፋ።

ይህ ጋዜጣ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ጆኤል ሮጀርስን የጦር ዘጋቢ አድርጎ ወደ ኢትዮጵያ የላከው ይኸው ፒትስበርግ ኩሪየር ነው። አንባቢዎቹ የፋሺዝምን መልክ በአውሮፓ ምድር ላይ ሳይሆን በመጀመሪያ በእኛ ተራሮች ላይ አይተውታል፤ ስለዚህ በ1942 ቶምሰን ጥያቄውን ሲጽፍ ጉዳዩ ለእነርሱ አዲስ እንዳልነበረ አምናለሁ።

ጋዜጣውን በባቡር እየያዙ ወደ ደቡብ ግዛቶች ያደርሱት ከነበሩት መካከል በመኝታ ፉርጎዎች የሚሠሩት ጥቁር አስተናጋጆች ይገኙበታል። የእነዚህ ሠራተኞች ማኅበር መሪ ፊሊፕ ራንዶልፍ በ1941 ያደረጉትን ጽሑፋችሁ ጨርሶ አለማንሣቱ አሳዝኖኛል። በዚያ ዓመት የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ሌትና ቀን እየሠሩ፣ የሰው ኃይል አነሰን እያሉ፣ ጥቁር ሠራተኛን በር ላይ ይመልሱ ነበር። ራንዶልፍ በሩ ካልተከፈተ 100,000 ሰው ይዘው በዋሽንግተን እንደሚሰለፉ አስታወቁ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሰልፉ እንዳይደረግ ብዙ ከለመኑ በኋላ ጁን 25 ቀን 1941 በመከላከያ ኢንዱስትሪ የዘር መድልዎን የሚከለክለውን 8802 ቁጥር ትእዛዝ ፈረሙ፤ ሰልፉም ቀረ። ከ22 ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 28 ቀን 1963፣ ሩብ ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ በሊንከን መታሰቢያ ፊት ሲሰበሰብ፣ በሰልፉ መሪነት የቆሙት እኒሁ የ74 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ዓለም ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግን ንግግር ነው። የሰልፉ ሙሉ ስም ግን "ለሥራና ለነጻነት" የሚል ነበር፤ ሥራ የሚለው ቃል የቀደመው በ1941 የተነሣው ጥያቄ ገና በቅጡ ስላልተመለሰ ነው።

አሁን ጉዳዩን ከሁሉ ይልቅ ግልጽ አድርጎ ወደሚያሳየው ሰው ልምጣ። ሳጅን አይዛክ ውዳርድ በፓሲፊክ ግንባር አገልግሎ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1946 በጆርጂያ ከሚገኝ የጦር ሰፈር በክብር ተሰናበተ፤ የወታደር ልብሱንም እንደ ለበሰ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ሚስቱ ይጓዝ ጀመር። በመንገድ ላይ ለሽንት መውረድ ፈልጎ ቢጠይቅ ሹፌሩ ሰደበው፤ እርሱም መለሰለት። አውቶቡሱ በሳውዝ ካሮላይና ባትስበርግ ከተባለች ትንሽ ከተማ ሲደርስ ሹፌሩ ፖሊስ ጠራ። የከተማይቱ ፖሊስ አዛዥ ሳጅኑን በዱላ ደብድቦ ሁለቱንም ዓይኖቹን አጠፋቸው። በማግስቱ ሰክሮ ረብሿል ተብሎ የተቀጣው ዓይነ ስውር የሆነው ወታደር ነበር። አዛዡ በኋላ በፌዴራል ፍርድ ቤት ቢከሰስም፣ ነጮች ብቻ የተቀመጡበት ጁሪ የተባለው ከሕዝብ የተውጣጡ ፈራጆች ሸንጎ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ነጻ ለቀቀው። ይህንን ታሪክ በክፍል ስናገር፣ ከኋላ ወንበር ሲያወሩ የነበሩ ተማሪዎቼ እንኳ ዝም ይሉ ነበር።

ሆኖም ነገሩ በዚያ አላበቃም። ፕሬዚዳንት ትሩማን አያቶቻቸው ባሪያ ያሳድሩ የነበሩ የሚዙሪ ሰው ናቸው፤ ስለ ዘር እኩልነት ሲናገሩ ያደጉ አልነበሩም። ነገር ግን እርሳቸው ራሳቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱ ወታደር ስለ ነበሩ፣ የጦር ልብስ በለበሰ ሰው ላይ የተፈጸመው ግፍ ሲነገራቸው እጅግ ደነገጡ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የሲቪል መብቶችን ጉዳይ የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ጁላይ 26 ቀን 1948 ደግሞ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የዘር ልዩነት እንዲቀር አዘዙ። የፖሊስ አዛዡን ችሎት የመሩት ዳኛ ዋቲስ ዌሪንግ የቻርልስተን ባላባቶች ልጅ ነበሩ፤ የዚያን ቀን ፍርድ ካዩ በኋላ ግን የኖሩበትን ሥርዐት መመርመር ጀመሩ። በ1951 በአንድ የሳውዝ ካሮላይና የትምህርት ቤት ክርክር ላይ፣ ሁለት የችሎቱ ዳኞች ሥርዐቱን ሲደግፉ፣ እርሳቸው ብቻቸውን መለያየት ራሱ እኩልነትን መንፈግ ነው ብለው የልዩነት ሐሳባቸውን ጻፉ። ይኸው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሜይ 17 ቀን 1954 የትምህርት ቤቶችን የዘር መለያየት ሕገ ወጥ ካደረገባቸው አምስት ጉዳዮች አንዱ ሆነ። እንግዲህ ከባትስበርግ ፖሊስ ጣቢያ እስከ ዋሽንግተኑ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ የተዘረጋ አንድ መንገድ አለ፤ በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ የተንቀባረረ ወጣት አላየሁበትም።

ውዳርድ ብቻውን አልነበረም። በፈረንሳይ ምድር ያገለገለው ሜድጋር ኤቨርስ በ1946 ወደ ሚሲሲፒ ተመልሶ 21 ዓመት በሞላው ቀን ከወንድሙና ከጓደኞቹ ጋር ድምፅ ለመስጠት ቢሄድ፣ መሣሪያ የያዙ ነጮች መልሰውታል፤ በኋላ በግዛቲቱ የመብት ትግል መሪ ሆኖ ጁን 12 ቀን 1963 በቤቱ ደጃፍ ተገደለ። ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ በሚለው ምሕጻር የሚታወቀው የጥቁሮች መብት ማኅበር በ1940 ወደ 50,000 የሚጠጉ አባላት ነበሩት፤ በ1946 ግን ቁጥሩ ወደ 450,000 ደርሶ ነበር። ማኅበሩ እንዲህ ያደገው ከወይዘሮ ፓርክስ ምሽት ዘጠኝ ዓመት አስቀድሞ ነው።

ስለ ብልጽግናው ጸሐፊው ያሉት ከሥሩ ስሕተት ነው አልልም። አሜሪካ ከጦርነቱ የወጣችው ፋብሪካዎቿ ሳይነኩ ነው፤ ደመወዝ አድጓል፣ ቤት ተሠርቷል፣ ኮሌጆች ሞልተዋል። ሊጠየቅ የሚገባው ግን ይህ ሀብት ለማን እንደ ደረሰና ለማን እንዳልደረሰ ነው። ለተመላሽ ወታደሮች የወጣው የ1944 ሕግ ለትምህርትና ለቤት መግዣ ብድር ዋስትና ይሰጥ ነበር፤ በዚህ ሕግ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጡ ወታደሮች ኮሌጅ ገብተዋል። ነገር ግን የሕጉ አፈጻጸም ለየግዛቱ ባለሥልጣናትና ለየአካባቢው ባንኮች ተተወ። በ1947 በሚሲሲፒ በዚህ ሕግ ዋስትና ከተሰጡት 3,229 ብድሮች ውስጥ ጥቁሮች ያገኙት ሁለት ብቻ ነበር። በኒው ዮርክ አቅራቢያ በሌቪታውን ከ17,000 በላይ ቤቶች ለተመላሽ ወታደሮች ቤተሰብ በርካሽ ሲሠሩ፣ መጀመሪያ ላይ የነበረው ውል ከነጭ በቀር ማንም እንዳይኖርባቸው ይከለክል ነበር። ቤት ለልጅ የሚተርፍ ሀብት መሆኑን ለጋዜጣችሁ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አንድ ጦር ሜዳ የዋሉ ሁለት ወታደሮች ተመልሰው፣ አንዱ ባለ ቤት ሌላው በጠባብ ክፍል ተከራይ ሆኖ ሲቀር፣ የሁለተኛው ልጅ አባቱ ያልተከፈለውን ዕዳ ይዞ ያድጋል። ብልጽግናው ተቃውሞን የወለደው ሰዎችን ስላጠገበ ሳይሆን፣ የሚገባቸውን ነገር በመስኮት በኩል ስላሳያቸው ነው።

አንድ ጥንቁቅ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥቁር ወታደሮች ከአንደኛው የዓለም ጦርነትም ተመልሰዋል፤ በ1919 በቺካጎ ብቻ 38 ሰዎች የሞቱበት ግጭት ደርሷል፤ ታዲያ ስለ ምን ያን ጊዜ አልሆነም? ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ግፍ ብቻውን ንቅናቄን እንደማያስነሣ የሚያሳይም ነው። በሁለቱ ጦርነቶች መካከል የተለወጠው የሰዎች ቁጣ ሳይሆን አቅማቸው ነው። ከ1910 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁሮች ከደቡብ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ከተሞች ፈለሱ፤ ጥጥ የሚለቅመው መኪና መምጣቱም ከ1940ዎቹ ጀምሮ ፍልሰቱን አፋጠነው። በደቡብ ድምፅ መስጠት የተከለከለው ገበሬ በቺካጎና በዲትሮይት መራጭ ሆነ፤ ትሩማን በ1948 ሲመረጡ የእነዚህን ከተሞች ድምፅ ችላ ማለት አይችሉም ነበር።

ሁለተኛው ለውጥ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የነበረው ፉክክር ነው። አሜሪካ የነጻው ዓለም መሪ ነኝ ባለች ቁጥር፣ በአገሯ የሚፈጸመው የዘር ልዩነት በየአገሩ ጋዜጣ ይወጣባት ነበር። ይህ ነገር የእኛንም ሰው ነክቷል፤ በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ልዑል ራስ እምሩ በ1948 በአንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ ለዲፕሎማቶች ከተመደበው መቀመጫ እንዲነሡ ተጠይቀዋል። በዲሴምበር 1952 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባቀረበው ጽሑፍ፣ የትምህርት ቤቶቹ የዘር መለያየት አገሪቱን በውጭ ግንኙነቷ እንደሚጎዳትና ለኮሙኒስቶች ፕሮፓጋንዳ ግብዓት እንደሚሆን ገልጾ ነበር። የመብት ታጋዮች ይህንን ክፍተት በሚገባ ተጠቅመውበታል። በዚህ ላይ ጽሑፋችሁ የጠቀሰው ቴሌቪዥን ሲጨመር የግፉ ሥዕል በየሳሎኑ ገባ፤ የሚታየውን ነገር የፈጠረው ግን ቴሌቪዥን አይደለም።

ሦስተኛው ለውጥ ድርጅት ነው፤ ሞንትጎመሪን በተመለከተ ጽሑፋችሁን የማርመውም በዚህ ነው። ወይዘሮ ፓርክስ ደክሟቸው የተቀመጡ አንዲት የልብስ ሰፊ ብቻ አልነበሩም፤ በከተማይቱ የመብት ማኅበር ቅርንጫፍ ለዓመታት ጸሐፊ ሆነው የሠሩ ሴት ናቸው። ከእርሳቸው ዘጠኝ ወር ቀደም ብላ፣ ማርች 2 ቀን 1955፣ ክሎዴት ኮልቪን የተባለች የ15 ዓመት ተማሪ በተመሳሳይ ምክንያት ታስራለች። ከዚያም ቀድሞ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በትምህርት ቤቶች ጉዳይ ከፈረደ አራት ቀን በኋላ፣ የኮሌጅ መምህርቷ ጆ አን ሮቢንሰን በሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት ስም ለከንቲባው ደብዳቤ ጽፈው፣ ከተሳፋሪዎቹ አራት እጅ ሦስቱ ጥቁሮች መሆናቸውንና አያያዙ ካልተሻሻለ አውቶቡሱን ለመተው እየታሰበ መሆኑን አስታውቀው ነበር። ስለዚህ ወይዘሮ ፓርክስ በታሰሩበት ሌሊት ሮቢንሰን ምን እንደሚደረግ አልጠፋቸውም፤ ከሁለት ተማሪዎቻቸውና ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር በኮሌጁ ስቴንስል ማባዣ ላይ ሲሠሩ አድረው፣ ሕዝቡ አውቶቡስ እንዳይሳፈር የሚጠራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት አባዝተው ጠዋት በየሰፈሩ በተኑ። የወይዘሮ ፓርክስን የዋስትና ጉዳይ ከያዙት አንዱ ኤድጋር ኒክሰን ነበሩ፤ እርሳቸውም የራንዶልፍ የመኝታ ፉርጎ አስተናጋጆች ማኅበር አባል ናቸው። አብያተ ክርስቲያናቱ አዳራሽና ገንዘብ ሰጡ፤ መኪና ያላቸው ሰዎች ወደ ሥራ የሚሄደውን ሕዝብ ያመላልሱ ጀመር። ያን ጊዜ 26 ዓመታቸው የነበረው ፓስተር ኪንግ የመጡት ይህ ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። አድማው 381 ቀን ቆየ። አንዲትን ሴት ብቻ በወንበር ላይ አስቀምጦ የሚተርክ ታሪክ የእነዚያን ሰዎች ድካም ሁሉ ይሰርዛል፤ በተለይም ሌሊቱን ሙሉ ወረቀት ያባዙትን ሴቶች።

ሌሎቹም ንቅናቄዎች ከዚሁ ምንጭ የቀዱ ናቸው። በቴክሳስ የሜክሲኮ ተወላጆችን ያንቀሳቀሰው የአንድ ሟች ወታደር ጉዳይ ነበር። ፌሊክስ ሎንጎሪያ በ1945 በፊሊፒንስ ተገድሎ አስከሬኑ ወደ ትውልድ ከተማው ሲመለስ፣ የቀብር አገልግሎት የሚሰጠው ቤት በአዳራሹ ለቅሶ እንዳይደረግለት ከለከለ፤ ነጮች ይቀየማሉ ተብሎ ነው። የጦር ሐኪም የነበሩት ዶክተር ሄክተር ጋርሲያ ከአንድ ዓመት በፊት ባቋቋሙት የተመላሽ ወታደሮች ማኅበር አማካይነት ጮኹ፤ በሴኔተር ሊንደን ጆንሰን እርዳታም ወታደሩ በፌብሩዋሪ 1949 በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር በክብር ተቀበረ። የአሪዞናና የኒው ሜክሲኮ ቀደምት ነዋሪዎች ከጦርነቱ ተመልሰው ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት በ1948 በፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ተማሪዎቹን ስንወስድ፣ በ1964 በበርክሊ የመናገር ነጻነትን ንቅናቄ የመራው ማሪዮ ሳቪዮ በዚያው ክረምት በሚሲሲፒ ጥቁሮችን ለመራጭነት ሲያስመዘግብ የሰነበተ ወጣት ነበር። ሴቶቹ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ በሚሊዮን ተጠርተው ፋብሪካ ገብተው፣ ሰላም ሲሆን ወደ ቤታችሁ ተብለዋል፤ በሥራ ላይ የፆታ መድልዎን የሚከለክለው የ1964 ሕግ ከወጣ በኋላ እንኳ ጋዜጦች የሥራ ማስታወቂያን "ለወንድ" እና "ለሴት" ብለው ለይተው ማውጣት ቀጥለው ነበር። በ1966 ብሔራዊውን የሴቶች ድርጅት ያቋቋሙት ሕጉ በወረቀት ላይ እንዲቀር ስላልፈለጉ ነው። የቬትናም ጦርነትና የግዳጅ ውትድርናው በዚህ ላይ ብዙ ጨምረዋል፤ የጨመሩት ግን ቀድሞ በተቀጣጠለ እሳት ላይ ነው።

ጉዳዩ ከእኛ ሩቅ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አንድ ነገር ልጨምር። በ1920ዎቹ በወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ መሠረት ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ያንን የትውልድ አገር ኮታ የሻረው ሕግ ኦክቶበር 3 ቀን 1965 የተፈረመው፣ የሲቪል መብቶች ሕግ ከወጣ አንድ ዓመት በኋላ፣ የመምረጥ መብት ሕግ ከወጣ ደግሞ ሁለት ወር በኋላ ነው። የሰውን ዘር ለይቶ መምረጥ በአውቶቡስና በትምህርት ቤት ነውር ከሆነ በኋላ በድንበር ላይ መከላከል አልተቻለም። ዛሬ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን የገቡበት በር የተከፈተው በዚያ ትግል ነው።

ስለዚህ ጽሑፉን በሌላ እትም የምታሰፉት ከሆነ፣ የሳጅን አይዛክ ውዳርድ ስም እንዲካተትበት በትሕትና እጠይቃለሁ። ሳጅኑ በ1992 አርፏል። ሰክሮ ረብሿል ተብሎ የተፈረደበትን ቅጣት የዚያችው ከተማ ፍርድ ቤት የሰረዘው በ2018 ነው። በቀጣዩ ዓመት በከተማይቱ የመታሰቢያ ሰሌዳ ቆሞለታል፤ የሰሌዳው የታችኛው ክፍል ዓይነ ስውራን በጣታቸው እንዲያነቡት በብሬል ተጽፏል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የታሪክ መምህር
ከአዲስ አበባ